ከመርፌ ለማምለጥ መርፌ ፍለጋ

መርፌ እፈራለሁ። ይህን ቀድሜ ልናገረውና ልገላገል፤ ኋላ ስታነቡ «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት» እንዳትሉኝ። አራት ልጅ ወልጃለሁ፤ በአዳማ አቧራና ንፋስ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ዓይኔን ገልጬ ኖሬአለሁ፤ መንጋጋዬን ያለ ማደንዘዣ አስነቅዬአለሁ (ማደንዘዣው በመርፌ ነው ሲሉኝ «ተዉት፣ እንዲሁ ንቀሉት» አልኳቸው)። መርፌ ሳይ ግን የምፈልገው የመውጫውን በር ነው። ልጆቼን ሳስከትብ ነርሷ ልጁን ስትይዝ፣ ባለቤቴ የሚይዘው እኔን ነበር።

እንዲህ ያለችውን ሴት ፈልጎ ፈልጎ ያገኛት ስኳር ነው። ከበሽታ ሁሉ መርፌ የሚወደው እሱ አይደል? ስምንት ወር በኪኒን ስንጓተት ቆየን። ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሙ ውጤቴን አይቶ ግንባሩን ቋጠረና ወደ ኢንሱሊን ሳንሸጋገር አንቀርም አለኝ። ኢንሱሊን ማለት በየቀኑ መርፌ ማለት ነው፤ ያውም በገዛ እጅ፣ ያውም ሆድ ላይ። የተቀመጥኩበትን ወንበር ጨምድጄ ይዤ መማለድ ጀመርኩ። ያ ውጤት የኔ አይደለም አልኩት፤ የእህቴ ልጅ በተዳረች ማግስት የተለካ ነው፤ አጉራሽ ሲመጣ አፍ መዝጋት ነውር ነው፤ የሙሽራው ወገን ደግሞ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ያ ስኳር የሰርገኛው እንጂ የኔ አይደለም።

ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ፤ አሥር መስመር፣ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ባዶ ሳጥን።

«ለአሥር ቀን ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከእራት በፊት እቤትዎ ይለኩና ይሙሉት» አለኝ። «ቁጥሩ ደህና ከሆነ በኪኒኑ እንቀጥላለን። ባዶውን ይዘውት ከመጡ ግን በዚህ በያዝኩት ውጤት ነው የምወስነው።»

እንግዲህ ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ሃያ ሳጥን ሞልቶ ከሆድ መርፌ ማምለጥ።

የመለኪያ ማሽን አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ሽመልስ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ማሽን ላምጣልሽ ብሎ ቃል በገባ በሰባተኛው ወሩ፣ ልክ በዚያው ሳምንት፣ ከጅቡቲ ገዝቶ ከተፍ አደረጋት። መዳፍ የማትሞላ ማሽን ናት። ደሙን የሚመጠው ስትሪፕ የሚሉት ቁራጭ ሁለት ብልቃጥ ሙሉ አብሮ መጥቷል። እኔን የማረከችኝ ግን ብዕር የምትመስለው መውጊያዋ ናት። ላንሴት የምትባለዋ የጣት መርፌ እብዕሯ ሆድ ውስጥ ትሰካለች፤ የብዕሯን አፍ ጣት ላይ አድርጎ ቁልፏን መጫን ነው፤ ቀጭ ትላለች፣ አለቀ። መርፌዋ ስትወጣም ስትመለስም አትታይም። እኔ ደግሞ መርፌውን ካላየሁት አንበሳ ነኝ።

ሽመልስ ያመጣው ላንሴት ሃምሳ ፍሬ ነበር። ለአሥር ቀን የሚያስፈልገኝ ሃያ ነው። ሂሳብ የሚችል ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ይላል። ሂሳብ የሚችል ሰው የኛን ሰፈር አያውቅም።

ማሽኗ ቤቴ በገባች በማግስቱ ጫልቱ መጣች። ጫልቱ ከዓለም ጤና ሽንኩርት እያስመጣች የምታከፋፍል ጎረቤቴ ናት። «አካም ቡልቴ» ብላ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀች፣ ከዚያ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ምን ልበላት? ቤቴ የመጣ ሰው ከቤት ያለውን ሳልጋብዘው አይወጣም፤ ያን ቀን ከቤት ያለው ማሽን ነው።

ችግሩ፣ የጫልቱ እጅ ሠላሳ ዓመት የሽንኩርት ጆንያ የጎተተ እጅ ነው። የመጀመሪያዋ መርፌ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደም የለም። ሁለተኛዋም እንደዚያው። በሦስተኛዋ ምስር የምታክል ጠብታ ብቅ አለች። ጤነኛ ሆና ተገኘች። ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን ለብቻዋ አልበላችውም፤ ከኔ ቤት እስከ ገበያ ድረስ ላገኘችው ሁሉ አካፈለችው። ከሰዓት በኋላ እድርተኛው ግቢዬን ሞላው። ውጤቱን ያልወደደ «እስቲ ድገሚልኝ» ይላል። የእድራችን ሰብሳቢማ ቁጥሩ ከሚስቱ ቁጥር እስኪያንስ ድረስ አራት ጊዜ ተወጋ።

ይሁን እንጂ ንጽሕናዬን አላጓደልኩም። አንዷን መርፌ ለሁለት ሰው አላደረግኩም፤ የሠራችውን ወዲያው ክዳን ያላት የወተት ጣሳ ውስጥ እከታለሁ። የጎዳኝም ንጽሕናዬ ነው። ባለቤቴ ከስልኩ ቀና ብሎ «ለስላሳ ብትጋብዣቸው ይቀልሽ ነበር» አለኝ። ስኳር ያለበት ቤት ለስላሳ አይገባም ብዬ አፉን ዘጋሁት። ሁለት ቀን እንዲህ ቆየን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቁርሴን ሳልቀምስ ብዕሬን ከፈትኩ፤ ባዶ። ማሸጊያውን ገለበጥኩት፤ ባዶ። ስትሪፕ እንደ ልብ ተርፏል፤ መርፌ የለም። ከሠሩት አንዷን መልሼ ልጠቀም ብዬ ጣሳዋን ከፈትኩና ወዲያው ከደንኳት፤ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ወረቀቴ ላይ ስድስት ሳጥን ተሞልቷል፣ ዐሥራ አራቱ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። አዳማ ላይ ፋርማሲ ከዳቦ ቤት ይበዛል። ከፖስታ ቤት ወዲህ ያለው የመጀመሪያው ፋርማሲ ላንሴት ነበረው፤ ብዕሬ ውስጥ ግን አልገባ አለ፣ ወፍራም ነው። ቀጥሎ ያለው ፋርማሲ የሰጠኝ ገባ፤ ቁልፉን ስጫን ግን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተስፈንጥሮ የሰውዬው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ሌላው ቤት ከነማሽኑ ካልሆነ አልሸጥልሽም አለኝ። ሌላ ማሽን ማለት ሌላ ስትሪፕ፣ ሌላ ብዕር፣ ሌላ የጎረቤት ሰልፍ ነው፤ ትቼው ወጣሁ። ፍራንኮ ሰፈር ደርሼ የገባሁበት ደግሞ ብዕሬን አገላብጦ አየና «ይሄ እዚህ አገር የለም» ብሎ መለሰልኝ፤ አመላለሱ ብዕሬን ይዛ ድንበር የዘለለች ኮንትሮባንዲስት አስመሰለኝ።

የመጨረሻዋ ፋርማሲስት ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ታሪኬን ከጫልቱ ጣት ጀምሬ እስከ ፍራንኮ ድረስ ሰማችኝ። ከዚያ በቀስታ «እትዬ፣ ብዕሩ ግድ አይደለም እኮ» አለችኝ። «የትኛውም ላንሴት ይሆናል። ክዳኗን ይነቅሉና በእጅዎ ጣትዎን ጠቅ ነው።»

እንዲህ ብላ ክዳኗን ነቀለችው።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወንበር ላይ መሆኔን ነው። አንዱ ያራግብልኛል። አንዱ ደንበኛ «ስኳሯ ወርዶ ነው» ብሎ ከረሜላ አፌ ውስጥ ከቷል። ስኳሬ አልወረደም፤ የወረድኩት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ አፍሬ ከዚያች ባለ ክዳን ላንሴት እፍኝ ሙሉ ገዝቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት የመለሰኝ ባለባጃጅ ፊቴን በመስታወቱ አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ባልነገርኩት። አዳማ የኔን ላንሴት የላትም እንጂ ሐኪም ሞልቷታል። እሱ ሽፈራው ቅጠል አፍልቼ እንድጠጣ አዘዘ። ከኋላ የተሳፈረችው ሴት አብሽ በባዶ ሆድ አለች። ሦስተኛዋ ሁለቱም አይሆኑም፣ ሬት ነው ብላ ተቆጣች፤ እሷና ባለባጃጁ በኔ በሽታ ሲጣሉ መውረጃዬን አሳለፉኝ። ተመልሼ በእግሬ ሄድኩ።

ማታ ከእራት በፊት የገዛሁትን ላንሴት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ክዳኗን ዞር ብዬ ነቀልኩ። ወደ ጣቴ አስጠጋኋት፤ ጣቴ ሸሸ። እንደገና አስጠጋኋት። ግማሽ ሰዓት ያህል ከራሴ ጋር ስሯሯጥ ቆይቼ ዓይኔን ጨፍኜ ብጠቀጥቅ የጠረጴዛ ልብሱን ወጋሁት። ባለቤቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አምጪ ልውጋሽ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት የተጣላነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝና እጄን አልሰጥህም አልኩት።

ምርጫው ግልጽ ሆነ፤ ወይ ለብዕሬ የምትሆነዋን ላንሴት ማግኘት፣ ወይ የሆድ መርፌ።

ለሽመልስ መደወል ጀመርኩ። በረሃ ላይ ነውና አይገኝም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ድምፁ መጣ። አብሮት የሚነዳ ጀማል የሚባል ጓደኛው ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ቀን፣ ያንኑ ማሽን ለእናቱ እንደገዛ ነገረኝ፤ ጀማል አሁን ሞጆ ደረቅ ወደብ ደጅ ዕቃ ሊያራግፍ ተራ እየጠበቀ ነው፣ ሂጂና ጠይቂው አለኝ። ስልኩ ሳይዘጋ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከአዳማ ሞጆ ቅርብ ነው። ሩቁ ከዚያ ሁሉ ተሳቢ መሐል አንድ ሹፌር መፈለጉ ነው። ጀማል መጣሁ፣ ደረስኩ ሲለኝ ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት አረፍ አልኩ። ሁለት ስልክ የያዘ፣ ሸሚዙን የተኮሰ ሰውዬ አጠገቤ ተቀመጠ። ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስጨርሶ ያወጣል። ዕቃ እየጠበቅሁ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። የምን ዕቃ? የሕክምና መርፌ። ከየት? ከጅቡቲ። ሰውዬው ወንበሩን ጠጋ አደረገና ሻዬን ሊከፍልልኝ አስተናጋጇን ጠራ።

«ስንት ኮንቴይነር ነው፣ እናቴ?»

«አሥር ብትሆንልኝ እኮ ይበቃኛል።»

አንዱ ስልክ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ኬክ ታዘዘልኝ፤ እምቢ ስል ትሕትናዬን አደነቀ። ስለ ማከማቻ፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያወራኛል፤ እኔም እንዲህ ያለ ሰው ወዳድ ከተማ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። በመጨረሻ «ሰነዱን ይዘውታል?» ሲለኝ ከቦርሳዬ የሐኪሙን ወረቀት አወጣሁለት። አየው፤ ገለበጠው፤ እንደገና አየው። ፊቱ ላይ አሥር ኮንቴይነር ሲራገፍ ተመለከትኩ። ሆኖም ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሻዩ ከፍሎ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ መጣና የእናቱን ስኳር ያወረደው ተልባ መሆኑን ነገረኝ።

ጀማል ረጅም፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ከመኪናው ወርዶ በሁለት እጁ ሰላም አለኝ። ማሽኗም መርፌዋም አለች፣ ወላሂ ብዕሯም አንድ ናት አለኝ፤ ግን እዚህ አይደለችም፣ እናቱ ቤት ናት፤ እናቱ ያሉት ወለንጪቲ ነው። ካርታ ለማታውቁ፣ ሞጆ ከአዳማ በወዲያ፣ ወለንጪቲ ከአዳማ በወዲህ ነው። ቤቴ መሐል ላይ ቁጭ ብላ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ታየኛለች። ጀማል ለእናቱ ደውሎ እንግዳ ይመጣብሻል አላቸው። ነገ ትምጣ አሉ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወለንጪቲ ገባሁ። የጀማል እናት እማማ ዘሃራ ከወሎ መጥተው እዚያው የከረሙ፣ ቀጭን፣ ቀልጣፋ ባልቴት ናቸው። ስሜን ሳይጠይቁ አቀፉኝ፣ የሽመልስ እህት መሆኔ በቅቷቸዋል። ማሽኗን አየኋት፤ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹና ከፕላስቲክ አበባው መሐል፣ ከነላስቲኳ ቆማለች። አልተከፈተችም።

«ልጄ ከባሕር ማዶ ያመጣልኝን እንዴት ከፍቼ ላበላሻት?» አሉኝ።

ስኳር የለብዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሐኪሙ አለብሽ ብሏል። እኔ አልተስማማሁም።»

ለመንኳቸው። ቀጠሮዬን፣ ሳጥኖቹን፣ የሆዴን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። አዘኑልኝ። እሺ እከፍታታለሁ፣ ግን አንቺ ነሽ የምታሠሪያት፣ ጀማል ያመጣልኝን ደግሞ ጎረቤት ሳያይ አይሆንም አሉ። ወጣ ብለው በአጥር በኩል ተጣሩ። እናንተ የምትገምቱትን እኔም ያኔውኑ ገምቼዋለሁ፤ ግን በሰው ቤት የተቀመጠ እንግዳ የባለቤቲቱን ጎረቤት «አልለካም» ይላል?

መጡ። የገበያ ቀን ኖሮ ገበያ የወጣውም ታከለበት። ማሸጊያው ላይ ሃምሳ ላንሴት ይላል፤ እኔ በሆዴ ወደ ታች እቆጥራለሁ። እማማ ዘሃራን ለካሁ፤ አርባ ዘጠኝ። ከዚያ የወለንጪቲ ጣት፣ ጤፍ ያጨደ፣ ድንጋይ የፈለጠ፣ ከጫልቱ ጣት የሚብስ ጣት። አርባ። ሠላሳ ሦስት። አንድ ሽማግሌ ቀኙ ከግራው ይለያል ወይ ብለው በሁለቱም እጃቸው ተለኩ። ሃያ አምስት ላይ ላብ አጠመቀኝ። በሩ ላይ ገና ሰው አለ። በሕይወቴ ለእንግዳም ለባለቤትም «በቃ» ብዬ አላውቅም፤ አሁንም ወኔው አልመጣ ሲለኝ ውሸት መጣልኝ።

«ማሽኗ ግላለች» አልኩ። «ካላረፈች ትቃጠላለች።»

ወለንጪቲ የሹፌር መንገድ ናት። ሞተር ሲግል ምን እንደሚደረግ ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃል። አንድም የተከራከረ የለም፤ እንዲያውም አንዱ ጥላ ስር አስቀምጪያት ብሎ መከረኝና ሁሉም በዝግታ ተበተኑ።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር እማማ ዘሃራ የራሳቸውን ቁጥር ጠየቁኝ። ትልቅ ነበር፤ በጣም ትልቅ። ሰው ፊት አልነገርኳቸውም ነበር። ስነግራቸው ማሽኗን ትኩር ብለው አዩዋትና «ለካ ሐኪሙ እውነቱን ኖሯል» አሉ። እዚያው ለጀማል ደወልን፤ ሳያድር ሐኪም ዘንድ እንዲወስዳቸው ቃል ገባ። ከተረፉት ላንሴቶች ዘጠኝ ቆጥረው ሰጡኝና አሥረኛዋን «መንገድ ላይ ብትወድቅብሽ» ብለው ጨመሩልኝ። የቀሩትን ለራስዎ ይጠቀሙባቸው፣ ቡፌ ውስጥ እንዳይመልሷቸው ብዬ አስማልኳቸው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ቀጭ፣ ቀጭ። ጎረቤት ሲመጣ ማሽኗ አልጋ ስር ትገባለች። ሳጥኖቼም ይሞላሉ። የሚሞላቸው ግን ደስ የሚል ነገር አልነበረም። ሰርግ የለም፣ አጉራሽ የለም፣ ቁጥሩ ግን ከሰርጉ ማግስት ያልተናነሰ ነው። በዘጠነኛው ቀን ማታ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ ብዙ አየሁት። የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ ላጲስም ከልጄ ደብተር አጠገብ አለ። አንዷን ሁለት ወደ አንድ ማዞር ምን ይከብዳል? እጄን ሰደድኩ፣ መለስኩ። ሦስት ከተማ ዞሬ ያገኘሁትን ቁጥር በላጲስ ላጠፋው ነው?

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። መሐል ላይ ያሉትን አምስት ባዶ ሳጥኖች በብዕሩ ነካ ነካ አድርጎ በነዚህ ቀናት የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ። መንገድ ላይ ነበርኩ አልኩት። የቀሩትን ዐሥራ አምስቱን ቁጥሮች አነበበና የኢንሱሊን ማዘዣ መጻፍ ጀመረ። የሰርገኛ ስም የማነሳበት አፍ አልነበረኝም።

ነርሷ በየቀጠሮው ደም ወደምትወስድብኝ ጓዳ አስገባችኝ። ከበሩ ጀምሬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሆዴን ጠረገችልኝ፣ ስሪንጁን እጄ ላይ አስያዘችኝ፣ እጄን በእጇ ያዘችና ገፋ ያድርጉት አለችኝ። አልችልም አልኩ። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ አልኩ። እስቲ ባለቤቴ ይጠራልኝ አልኩ።

«ጨርሰዋል እኮ» አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። መርፌዋ ከቅንድብ ጸጉር አትወፍርም፤ ቁመቷም የጥፍሬን ያህል አይሞላም። ተናደድኩ። ቦርሳዬን ከፍቼ የተረፈችኝን የእማማ ዘሃራን አሥረኛ ላንሴት አወጣሁና ክዳኗን ራሴ ነቅዬ አጠገቧ ያዝኳት። በአቧራና በፀሐይ፣ በሞጆና በወለንጪቲ እግሬ እስኪያብጥ ያሳደድኳት መርፌ፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ ከሸሸኋት መርፌ ትወፍራለች። ጣቴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል፤ ሆዴ የተወጋ መሆኑን እንኳ አላወቀም።

ነርሷ ላይ ጮኽኩባት፤ ስምንት ወር ስመላለስ ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ነርሷ አልተቆጣችም። ጥጡን ከሆዴ ላይ እያነሳች፣ «በየቀጠሮው አሳይተንዎታል» አለችኝ። «እርስዎ ከበሩ ጀምረው ጨፍነው ነው የሚገቡት።»